ለመመረቅ ስድስት ወር ለቀራት የአካውንቲንግ ተማሪ ምን ይበጃል? ፒችትሪ፣ ኤሲሲኤ ወይስ ልምምድ?

የስድስት ኪሎዋ ተማሪ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ እንደምን አላችሁ? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግና ፋይናንስ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ሰኔ ላይ የመውጫ ፈተናውን ወስጄ እመረቃለሁ። ውጤቴ መጥፎ አይደለም፤ ኢንተርሚዲየት አካውንቲንግንም ኮስት አካውንቲንግንም በጥሩ ነጥብ አልፌያለሁ። ዛሬ ጠዋት አራት ኪሎ ወርጄ የእሑዱን ጋዜጣ ገዛሁና የአካውንታንት ማስታወቂያዎችን አንድ በአንድ አነበብኩ። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድና ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር የመሥራት ችሎታ ይጠይቃሉ። «ዜሮ ዓመት» የሚለው አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱም የባንክ ነው።

በቤታችን ሁሉም የየራሱን ይመክረኛል። ታላቅ ወንድሜ የፒችትሪ ሰርተፍኬት ቶሎ እንዳወጣ ይፈልጋል። አባቴ ደግሞ ባንክ ከገባሽ ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይመጣል ባይ ነው። የክፍል ጓደኛዬ ኤሲሲኤ የተባለውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያነት ብቃት ማረጋገጫ ለመጀመር ተመዝግባለች፤ አብረን እንድንማር ትወተውተኛለች። ከዚህ ሌላ እናቴ የምታውቃቸው ሰው ስታዲየም አካባቢ አነስተኛ የሒሳብ ቢሮ አላቸው። በሳምንት ሦስት ከሰዓት እየሄድኩ ብሠራ የታክሲ ብቻ ይሰጡኛል፣ ደመወዝ ግን የለውም።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ባለፈው ሳምንት ያጋጠመኝ ነገር ነው። የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ ጎረቤታችን አንድ ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ ይዘው መጡና «አንቺ ሒሳብ አይደል የምትማሪው? እስኪ የኅዳርን ቫት አስሊልኝ» አሉኝ። ፌስታሉን አልጋዬ ላይ ዘረገፍኩት። ግማሹ የካሽ ሪጅስተር ወረቀት ነው፣ ግማሹ በእጅ የተጻፈ ነው፣ አንዳንዱ ላይ የገዢው ስምም ቲን ቁጥርም (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩም) የለም፣ አንዳንዱ ደግሞ ጽሑፉ ደብዝዞ አይነበብም። የተጠቃለለ የሒሳብ መግለጫ መሥራት የምችል ልጅ ከየትኛው ወረቀት እንደምጀምር ሳላውቅ እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭ ብዬ አደርኩ ማለት ይቻላል። በማግስቱ ይቅርታ ጠይቄ መለስኩላቸው። አፈርኩ። አራት ዓመት ሙሉ ምን ተማርኩ ብዬም ራሴን ጠየቅሁ።

ልምድ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህንን ስድስት ወር በምን ላይ ባውለው ይሻላል ትላላችሁ?

ሰንጋ ተራ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህቴ፣ በመጀመሪያ የመውጫ ፈተናውን እንዳትንቂው አደራ እላለሁ። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ነው፤ 50 ከመቶ ካላመጣሽ ኮርሶችሽን ሁሉ በ«ኤ» ብታልፊም ዲግሪሽ አይሰጥሽም። የወደቀ እንደገና መፈተን ይችላል፣ ነገር ግን እኔ ባየሁት በዚያ መሐል የሚያልፈው ጊዜ ልብ ይሰብራል። የእኛ ባች ልጆች ብዙዎቹ የተቸገሩት በቴሌግራም የሚዘዋወሩ የቆዩ ጥያቄዎችን እየሸመደዱ ስለገቡ ነው። የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት መሠረታዊ ኮርሶችን ከመጽሐፉ እየሠራሽ ከከለስሽ አያስቸግርሽም። እኔ ያጠናሁት አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በነጻ ነው፣ ጸጥታም አለው፣ ከግቢሽም ሩቅ አይደለም።

አባትሽ ስለ ባንክ የሚሉትም ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ ባንኮች አዲስ ምሩቃንን በብዛት ይቀበላሉ። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንመደበው ቅርንጫፍ ውስጥ ገንዘብ መቀበልና መክፈል ላይ መሆኑን አውቀሽ ግቢ።

የሰኔ መዝጊያ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣ በሒሳብ ሥራ ላይ 19 ዓመት ቆይቻለሁ፤ አሁን በአንድ አስመጪ ድርጅት የፋይናንስ ክፍሉን እመራለሁ። ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለጥያቄሽ የሚሆነው መልስ በዚያ በመለስሽው ፌስታል ውስጥ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ሄደሽ እንደገና እንዲሰጡሽ ለምኛቸው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ጀማሪ አካውንታንት ስንቀጥር በቃል ብዙ አልጠይቅም። የአንድ ወር የባንክ መግለጫና የዚያኑ ወር የባንክ መዝገባችንን እያንዳንዳቸውን በአንድ ገጽ አድርጌ፣ እርሳስና ግማሽ ሰዓት እሰጣለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ችግር ከባድ አይደለም፦ ተጽፈው ገና ያልተመነዘሩ ሁለት ቼኮች፣ በወሩ መጨረሻ ቀን ገቢ ሆኖ ባንኩ በማግስቱ የመዘገበው ገንዘብ፣ እኛ ያልመዘገብነው የአገልግሎት ክፍያ፣ ይኼው ነው። የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቃቸው ሁሉም በጥሩ እንግሊዝኛ ይመልሱልኛል። ወረቀቱ ሲሰጣቸው ግን ከብዙዎቹ ላብ ይወጣል። የሚያልፈው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አባቱ ሱቅ ውስጥ ደረሰኝ ሲለይ ያደገ ወይም እንደዚያ የስታዲየሙ ዓይነት ቢሮ ውስጥ ጥቂት ወራት የሠራ ነው።

ስለዚህ ፌስታሉን ስታመጪ እንዲህ አድርጊ። አስቀድመሽ የሽያጩን የዜድ ሪፖርት፣ ማለትም ካሽ ሪጅስተሩ በየቀኑ የሚያወጣውን የሽያጭ ማጠቃለያ፣ በቀን ቅደም ተከተል ደርድሪ፤ አንድ ቀን ከጎደለ ጎረቤትሽን ጠይቂ፣ ሱቁ ተዘግቶ ነበር ወይስ ወረቀቱ ጠፋ? ከዚያ የግዢ ደረሰኞችን ለዪ። የገዢው ስምና ቲን ቁጥር በትክክል የሠፈረባቸውን ለብቻ፣ የሌለባቸውን ለብቻ አስቀምጪ፤ በሁለተኞቹ የተከፈለው ቫት ከሽያጩ ከተሰበሰበው ቫት ላይ ተቀናሽ ስለማይሆን ጎረቤትሽ በየወሩ በከንቱ የሚያጡት ገንዘብ እዚያ ቁልል ውስጥ ተቀምጧል። ድምሩን ብታሳዪያቸው ከዚያ በኋላ ዕቃ ሲገዙ ቲን ቁጥራቸውን ሳያስመዘግቡ አይወጡም። ዊዝሆልዲንግ (ገዢው ከክፍያው ላይ ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው ግብር) የተቀነሰባቸው ካሉ ደግሞ የተቀነሰው ቫት ሳይጨመር ባለው ዋጋ ላይ መሆኑን አረጋግጪ፤ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው። የኪራይ፣ የመብራት፣ የጉልበት ሠራተኛ ወጪ ሌላ ቁልል ይሆናል።

ሁሉም ከተለየ በኋላ ኮምፒውተርሽን ዝጊና በወረቀት ላይ ጆርናል (በቀን ቅደም ተከተል የሚጻፈውን መዝገብ) ጻፊ፣ ወደ ሌጀር (በየሒሳቡ ወደተለየው መዝገብ) አስተላልፊ፣ ትራያል ባላንስ (የሁሉም ሒሳቦች ማመሳከሪያ ድምር) አውጪ። ለምን በእጅ ትዪኝ ይሆናል። ፒችትሪ ዴቢትና ክሬዲቱ (የመዝገቡ ግራና ቀኝ ወገን) እኩል ካልሆነ አልመዘግብም ይልሻል፤ ስለዚህ ሚዛኑ ሁልጊዜ እኩል ነው፣ ስሕተትሽም አብሮ ይደበቃል። በእጅ ስትሠሪ ግን ሚዛኑ ሲዛነፍ የተሳሳትሽበት ቦታ ድረስ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ትፈልጊያለሽ። ያ ፍለጋ ነው ሙያው። ፒችትሪን ከዚያ በኋላ በሁለት ሳምንት ትለምጃለሽ፤ ሰርተፍኬቱንም ለማስታወቂያው ስትይ ብታወጪው አይጎዳም።

ኦዲት ላይ የምሠራ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

የሰኔ መዝጊያ በሰጡት ምክር እስማማለሁ፣ ግን ታሪኩ እዚያ ላይ የሚያበቃ እንዳይመስላት አንድ ነገር መጨመር ግድ ይለኛል። እኔ አንድ የኦዲት ድርጅት ውስጥ ስድስተኛ ዓመቴ ነው፤ ኤሲሲኤን ባለፈው ዓመት ነው የጨረስኩት።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣና የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ፣ በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ማቅረቢያ ደረጃዎች፣ ማለትም ሁላችንም አይኤፍአርኤስ በምንላቸው፣ ሪፖርት ማዘጋጀት የሕግ ግዴታ ሆኗል። ይህ ለውጥ የቃላት ለውጥ ብቻ አይደለም። አንድ ባንክ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ላይ ለአሥር ዓመት ቅርንጫፍ ተከራየ እንበል። ድሮ ኪራዩ በየዓመቱ ወጪ ሆኖ ይመዘገብና ነገሩ ያበቃ ነበር። በአይኤፍአርኤስ 16 መሠረት ግን ባንኩ ቦታውን የመጠቀም መብቱን እንደ ንብረት፣ ወደፊት የሚከፍለውን ኪራይ ደግሞ ወደ ዛሬ ዋጋ አምጥቶ እንደ ዕዳ ማሳየት አለበት። በአይኤፍአርኤስ 9 ደግሞ ተበዳሪው መክፈል እስኪያቆም ሳይጠበቅ፣ ወደፊት ሊደርስ የሚችለው ኪሳራ ከወዲሁ ተገምቶ ይያዛል። እነዚህን የሚያሰላ፣ የሚያብራራና ኦዲተር ፊት ቀርቦ የሚከራከር ሰው ይፈለጋል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ አክሲዮን የሚገዛው ሰው መግለጫውን አንብቦ ነው የሚወስነው፤ ስለዚህ ፍላጎቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ኤሲሲኤ 13 ፈተናዎች፣ የሥነ ምግባር ክፍልና የ36 ወር የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ነው። አብዛኞቹ ፈተናዎች በዓመት አራት ጊዜ ይሰጣሉ፣ ማለፊያቸውም 50 ነው። ዲግሪ ያለው ሰው ከመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች የተወሰኑትን ሳይፈተን እንዲያልፍ ሊፈቀድለት ይችላል፤ መጠኑ በተማረበት ተቋምና በወሰዳቸው ኮርሶች ይለያያል። ስለዚህ ጓደኛሽ አሁን ከፍላ የምትፈተነውን ፈተና፣ አንቺ ከተመረቅሽ በኋላ ምናልባት ሳትፈተኚ ታልፊው ይሆናል። ከመክፈልሽ በፊት ይህንን አጣሪ።

ወጪውን በተመለከተ ሳልሸሽግ ልንገርሽ፤ ክፍያው በፓውንድ ነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ወደ ገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። እኔ ግማሹን የከፈለልኝ የምሠራበት ድርጅት ነው፤ ብዙ የኦዲት ድርጅቶችም ይህንን ያደርጋሉ። የእኔ ምክር፣ ሥራ ይዘሽ ከስድስት ወር በኋላ ጀምሪው። ልምዱም ከፈተናው ጋር አብሮ ይቆጠርልሻል።

የስድስት ኪሎዋ ተማሪ
ታኅሣሥ 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ የሰኔ መዝጊያ፣ እንዳሉኝ ፌስታሉን ትናንት ማታ መልሼ ተቀብያለሁ። ጎረቤታችን የኅዳርን ቫት በሌላ ባለሙያ አሠርተው አሳውቀዋል፤ ደረሰኞቹን ግን ለመለማመጃ እስከ ገና ድረስ አንቺ ጋ ይቆዩ ብለውኛል።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ሱቁ ውስጥ አንድ ቋሚ ሠራተኛ አላቸው። የደመወዙን አሠራር በክፍል የተማርነው በድሮው የግብር ሠንጠረዥ ነው። በአዲሱ እንዴት እንደሚመዘገብ አንድ ምሳሌ ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል። እርስዎ ለቃለ መጠይቅ የሚጠይቁት ዓይነት ቢሆን ደግሞ የበለጠ ይጠቅመኛል።

የሰኔ መዝጊያ
ታኅሣሥ 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

በጥሩ ፈቃድ። የሠራተኛው ደመወዝ በወር 12,000 ብር ነው እንበል፣ ሌላ አበል የለውም።

በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 በተሻሻለው ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 ከመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 ከመቶ ይከፈልበታል። ለ12,000 ሲሰላ 300፣ ሲደመር 600፣ ሲደመር 750፣ ሲደመር 600፣ በድምሩ 2,250 ብር ግብር ይሆናል። ሥራ ላይ ስትሆኚ ግን በአቋራጩ ነው የምትሠሪው፤ 12,000ን በ30 ከመቶ አባዢና ለዚህ እርከን የተቀመጠውን 1,350 ቀንሺ፣ ያው 2,250 ይመጣል። ሁለቱንም መንገድ ሠርተሽ ማመሳከርን ልማድ አድርጊው።

ጡረታ ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ 840 ብር ይቆረጣል፤ አሠሪው ደግሞ 11 ከመቶ፣ 1,320 ብር ከራሱ ይጨምራል። ሠራተኛው እጁ ላይ የሚደርሰው 8,910 ብር ነው።

አሁን መዝገቡ። የደመወዝ ወጪ 12,000 እና የአሠሪ ጡረታ ወጪ 1,320 ዴቢት ይሆናሉ፤ ድምሩ 13,320። በክሬዲት በኩል ተከፋይ የሥራ ግብር 2,250፣ ተከፋይ ጡረታ 2,160፣ ተከፋይ ደመወዝ 8,910፤ ድምሩ ያው 13,320። እኔ ፊት የሚቀርቡ ልጆች በብዛት የሚረሱት ያንን 1,320 ነው። ከሠራተኛው ስለማይቆረጥ የፔሮሉ (የደመወዝ መክፈያው) ወረቀት ላይ ዓይን አይገባም፣ ለድርጅቱ ግን እውነተኛ ወጪ ነው። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ የጡረታ ዕዳው ከክፍያው ጋር አልገጥም ያለባቸው ሰዎች ሲደውሉልኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስለዚህች መስመር ነው።

ለገሃር 4ኛ ፎቅ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ስለ ልምምድና ስለ ሥራ ሲነሣ ማንም ያልጠቀሰው ነገር አለ፤ እህታችን ከመግባቷ በፊት ብታውቀው ይጠቅማታል ብዬ ነው የምጽፈው።

እኔ ከተመረቅሁ በኋላ መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ድርጅት፣ ስሙን አልጠራም፣ ሁለት መዝገብ ነበረው። አንዱ ባለቤቱ ትርፉን የሚያይበት፣ ሌላው ለግብር የሚቀርብ። ሥራ ለማግኘት ሰባት ወር ተንከራትቼ ስለነበር የታዘዝኩትን ጻፍኩ። አንዳንድ ቀን ከሰው የተገዛ ደረሰኝ ይመጣና «ይህንን ወጪ አድርጊው» እባላለሁ። የግብር መሥሪያ ቤቱ መርማሪዎች የመጡ ዕለት ባለቤቱ ወደ እኔ ጠቁመው «ሒሳቡን የምትሠራው እሷ ናት፣ እኔ ስለ ሒሳብ አላውቅም» አሉ። በየወሩ የቀረበው ቅጽ ላይ የአዘጋጅ ፊርማ የእኔ ነበር። በሐሰተኛ ደረሰኝ መጠቀም በታክስ አስተዳደር ሕጉ በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑን በኮርስ ላይ ተምሬው ነበር፣ ነገር ግን እጄን የያዘኝ የለም። እኔ እስከ መጨረሻው አልተከሰስኩም። ይሁን እንጂ በዚያ ሰሞን እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም፤ እናቴም ከእኔ ጋር አብራ ከሳች።

ስለዚህ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ አንቺም ጠይቂ። ወርሃዊ ማሳወቂያውን የሚያዘጋጀው ማን ነው? የሚፈርመውስ? ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ ለምን ለቀቀ? እነዚህን ስትጠይቂ የሚቆጣ አሠሪ ካጋጠመሽ አመስግነሽ ውጪ። ከገባሽ በኋላ የማታምኚበት ነገር ሲታዘዝሽ ደግሞ በቃል አትከራከሪ፤ አጭር ኢሜይል ጽፈሽ ኮፒውን ያዢ።

የስታዲየሙን ቢሮም በዚሁ ዓይን እዪው።

ሰንጋ ተራ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

እኔ ያለ ደመወዝ ማሠራቱን አልወደድኩትም። የምትሠሪው የእውነተኛ ደንበኞችን ሒሳብ ከሆነ ቢሮው በአንቺ ድካም ገንዘብ እያገኘ ነው። ቢያንስ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ እንዲከፈልሽ፣ ስትወጪም የሠራሽውን ሥራ ዘርዝሮ የሚገልጽ የልምድ ማስረጃ እንዲጻፍልሽ ከመጀመርሽ በፊት ተነጋገሪ። «ተለማምዳለች» ብቻ የሚል ወረቀት ብዙ አይጠቅምሽም። የቫት ማሳወቂያ አዘጋጅታለች፣ ፔሮል ሠርታለች፣ የባንክ ሒሳብ አስታርቃለች የሚል ግን ከዚያ የ2 ዓመት ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ይከፍትልሻል።

የስድስት ኪሎዋ ተማሪ
ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሳልመለስ በመዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የሴሚስተሩ ሥራም በዓሉም ተደራርቦብኝ ነበር። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

የዜድ ሪፖርቶቹን ስደረድር ሁለት ቀን ጎደለ። አንዱ ዕለት ጎረቤታችን ለቅሶ ሄደው ሱቁ ተዘግቶ ነበር፤ የሌላኛው ዕለት ወረቀት ከካሽ ሪጅስተሩ መሳቢያ ሥር ተገኘ። ገዢው ያልተመዘገበባቸውን ደረሰኞች ለብቻ ደምሬ ያጡትን ቫት ሳሳያቸው፣ ወረቀቱን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። አሁን ቲን ቁጥራቸውን በካርቶን ላይ ትልቅ አድርገው ጽፈው ዕቃ ለሚገዛላቸው ልጅ ሰጥተውታል።

ከዚያ በኋላ በእጄ ጆርናሉን ጽፌ፣ ወደ ሌጀር አስተላልፌ ትራያል ባላንሱን ሳወጣ ሚዛኑ በ270 ብር ተለያየ። የገና ዋዜማ ነበር፤ ቤቱ በሙሉ ለበዓሉ ሽር ጉድ ሲል እኔ ሦስት ጊዜ ደመርኩ። ልዩነቱን ለሁለት ከፍዬ 135 ብር በስሕተት ወደተቃራኒው ወገን የገባበትን ቦታ ፈለግሁ፣ የለም። ጋሼ የሰኔ መዝጊያ፣ በግል መልእክት «በ9 አካፍዪው» ያሉኝ ትዝ አለኝ። 270 ለ9 ልክ 30 ይሆናል፣ ቀሪ የለውም፤ ስለዚህ ሁለት አኃዝ ቦታ ተለዋውጧል ብዬ እያንዳንዱን መስመር ከደረሰኙ ጋር አነጻጸርኩ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አካባቢ አገኘሁት። የሲሚንቶ ማጓጓዣ 5,470 ብር ነው፤ ሌጀሩ ላይ 5,740 ብዬ ጽፌዋለሁ።

የስታዲየሙን ቢሮ ኃላፊም አነጋገርኳቸው። ሁለት ወር በታክሲ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ በወር የተወሰነ ክፍያ እንዲሰጡኝ፣ የልምድ ማስረጃውም የሠራሁትን እንዲዘረዝር ተስማምተናል። ማሳወቂያ ላይ የሚፈርመው ማን እንደሆነ ስጠይቃቸው «እኔ ነኝ፣ ፈቃዱም የእኔ ነው» ብለው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አሳዩኝ። ማክሰኞ እጀምራለሁ።

የሰኔ መዝጊያ
ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ያንን የሌጀር ገጽ አትጣዪው። 5,740ን በአንድ መስመር ብቻ ሰርዘሽ ትክክለኛውን ከላይ ጻፊና ፈርሚበት፤ ፍሉይድ አትቀቢው። ማክሰኞ ስትሄጂም ይዘሽው ሂጂ፣ ለኃላፊው አሳዪያቸው።